ጾመኛው ወጥመድ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አልጋ መጠፈር ነበር። የገመድ አልጋችን መሐሉ ረግቦ፣ ሁለታችንም በእንቅልፍ ልባችን ወደ መሐል እየተንከባለልን እንጋጭ ነበር። «በእርጅናችን እንደ ሙሽራ ልንተቃቀፍ ነው እንዴ?» አለና አንድ ጠዋት አልጋውን ደጅ አውጥተን፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ገልብጠን ገመዱን ፈታነው። እሱ ከወዲያ ይስባል፣ እኔ ከወዲህ ቋጠሮውን እይዛለሁ።

«ያዝሽው?»

«ይዣለሁ።»

«ይህ መያዝ ነው? በዚህ አያያዝሽ ድመት ሾልካ ትወጣለች።»

«ድመቷን ተዋትና ገመዱን ሳብ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስለ የትኞቹ ድመቶች እንደሚናገር መጠየቅ አላስፈለገኝም። አልጋው ከምሳ በፊት አለቀ። ባለቤቴ በጀርባው ተጋደመበትና ገመዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ከበሮ ሆኗል» አለ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው አልጋ ላይ፣ ተኝቶ ሳለ ዐረፈ። አልታመመም፤ አልተጨነቀም። እንዲህ ያለ ሞት ለሟች ጸጋ ነው ይላሉ፣ እኔም አምናለሁ። ለቀረ ሰው ግን ሳይባል የቀረ ነገር ይበዛበታል።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ብዙ ዘመን ስለኖርን ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ እሱ አጫውቺን ሲሉኝ፣ ትልቅ ነገር እንድናገር የሚጠብቁ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ቶሎ የሚመጣልኝ የራሃድ ወንዝ አሸዋና ያ የድመት ነገር ነው። ስለዚህ እሱን እጽፋለሁ። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ዓይኔ ቶሎ ይደክማል፣ አንዳንድ ቀንም ብዕሩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። እኔና ባለቤቴ የመተማ ቆላ ሰዎች ነን። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ድንበሩን ተሻግረን በአጨዳ እንሠራና እንመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ሰሊጡ ከጉልበት ሳያልፍ ቆሞ ደረቀ። አገር ቤት እንዳንመለስ፣ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ከዚህኛው የከፋ ሆነ። ራሃድ ወንዝ ዳር ያለችው መፋዛ አጠገብ ውሃ አልደረቀም ሲሉ ሰምተን ወደዚያ ሄድን።

ራሃድ በበጋ አይፈስም። ወንዙ ይቆምና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። በዚያ ዓመት ኩሬዎቹም እየደረቁ፣ ከመፋዛ ትንሽ አለፍ ብሎ ከትላልቅ ዛፎች ሥር ያለው ጥልቁ ኩሬ ብቻ ቀረ። የወንዙ ፍጥረት ሁሉ ወደዚያ ተሰበሰበ። በአንድ ወገን ረጅም ነጭ አሸዋ ተዘርግቷል። አሸዋውን ታክኮ መንገድ ያልፋል፤ ከድንበር ወደ መጠለያ ካምፖቹ የሚሄደው የተራበ ሕዝብ የሚያልፈው በዚያ ነበር።

ኩሬውን የሚጠብቅ አንድ የመንግሥት የዱር አራዊት ጠባቂ ነበር። ሱዳኖቹ ገፊር ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው ገፊሩ እንለው ነበር። ከሲታ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ ሰው ነው። በአህያ እየዞረ ስንት ኩሬ ብቻውን ይጠብቅ ነበርና ደክሞታል። ባለቤቴን አየውና «አንተ ውሃ ዳር ልትኖር ከሆነ ዓይንህንም ሥራ ላይ አውለው» አለው። ማሽላ እየሰፈረልን አሸዋውን እንድንጠብቅ ተስማማን። ከአሸዋው ራስ ላይ ከሣርና ከግንድ ራኩባ የሚሉትን ዳስ ሠርተን ገባን።

እኔ መጀመሪያ አሸዋ ምኑ ይጠበቃል ብዬ ነበር። ያሳየኝ ባለቤቴ ነው። ገፊሩ የአዞ ወፍ የሚላት ወፍ አለች፤ ከእርግብ ታንሳለች፣ ጀርባዋ አመድማ ነው፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረች ትመስላለች። ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች። ፀሐዩ ሲበረታ ትሮጥና ኩሬው ውስጥ ሆዷን ነክራ፣ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ተመልሳ እንቁላሏ ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ እንስራ እንዲቀዘቅዝ እርጥብ ኬሻ እንደምናለብሰው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ትውላለች። ባለቤቴ እሷን እያየ ምሳውን ይረሳ ነበር። «ይህች እናት ናት» ይል ነበር፤ «ውሃ ቀድታ ትመለሳለች፣ ውሃ ቀድታ ትመለሳለች።» የወንዝ ኤሊዎችም ከዳርቻው ከፍ ብለው እንቁላላቸውን በዚያው አሸዋ ይቀብራሉ። በበጋው መጨረሻ የሚፈለፈለው ሁሉ ተስፋው ያ አንድ አሸዋ ብቻ ነበር።

ድመቶቹ የወንዙ አልነበሩም። ነጋዴዎች ከገዳሪፍ በሎሪ ያመጧቸው ናቸው። መፋዛ ውስጥ ሱቅና የእህል መጋዘን ያለው አንድ የአገራችን ሰው ነበር፤ የጎንደር ሙስሊም ነው፣ ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን። ማሽላው መጋዘን ሙሉ በነበረ ጊዜ አይጥ እንዳይፈጀው እሱና ሌሎቹ ነጋዴዎች ድመት አስመጡ። ድመቶቹ ወለዱ፣ ተዋለዱ። ረሃቡ ሲመጣ መጋዘኑ ተጠርጎ ወጣ። አይጡ ሄደ፤ ድመቱም ማንም ሳያባርረው ወደ ወንዙ ወረደ። ጠዋት ስንነሣ አሸዋው በዱካ ታትሞ፣ የወፏ ጉድጓድ ተዝቆ፣ የኤሊው እንቁላል ልጣጭ ተበትኖ እናገኘዋለን።

ባለቤቴ ዱላ ይዞ ይሮጣል፤ ድመቱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየዋል። መግደል አልፈለገም። እንኳን እሱ፣ በዚያ አካባቢ ከእስላምም ከክርስቲያንም ድመት ለመግደል እጁን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ሁሉም ነውር ነው ይላል።

አንድ ቀን ገፊሩ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ከአህያው ሳይወርድ «ያ ዞል፣ ትእዛዝ መጥቷል» አለ፤ አንተ ሰው ማለቱ ነው። የሚያወሩት በዐረብኛ ነው፤ እኔ ባልናገረውም መስማት ጀምሬ ነበር።

«ምን ተባለ?» አለ ባለቤቴ።

«ድመቶቹ ይጥፉ ተባለ። መርዝ በሎሪ ይላካል። ፍየል አብሮ ይመጣል። ይታረዳል፣ ሥጋው ይቆራረጣል፣ መርዙ ይቀባል፣ አሸዋው ላይ ይበተናል። ኸላስ፣ አለቀ።»

ባለቤቴ ወደ መንገዱ ዞረ። ያን ጊዜም ሰው እያለፈ ነበር፤ የሚያልፍ ሰው ያልነበረበት ሰዓት ትዝ አይለኝም።

«ሥጋ?» አለ። «እዚህ?»

«እዚህ።»

«ወንድሜ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሥጋ አይቶ የሚያልፍ አለ?»

«ነገርኳቸው! ወላሂ ነገርኳቸው! ሰሌዳ ትከል፣ አደገኛ ነው ብለህ ጻፍበት አሉኝ።»

«በማን ቋንቋ?»

 እኔ በዚያ አካባቢ ማንበብ ከሚችሉት ጥቂቶች አንዷ ነበርኩ። ማንበብ የሚችል ሰውም ቢሆን ሲርበው መጀመሪያ የሚያየው ሥጋውን እንጂ ሰሌዳውን እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

በመጨረሻ ገፊሩ ከአህያው ወርዶ ከባለቤቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማኝ» አለው። «እኔ የማየው አሸዋውን ነው። ሎሪው በመጣ ቀን አሸዋው ላይ በነጻነት የሚዞር ድመት ከሌለ፣ ድመት የለም ብዬ መርዙን በመጣበት እመልሰዋለሁ። ድመት ካለ ግን እኔም አለቃ አለኝ፣ ልጆችም አሉኝ።»

«ሎሪው መቼ ነው?»

«ናፍጣ ሲገኝ።»

«ናፍጣ መቼ ይገኛል?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው» አለና ድዱ እስኪታይ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እንግዲህ ድመቶቹን ከነሕይወታቸው መያዝ ነበረብን። ቅርጫት መሥራት እኔ እችላለሁ። ከቁጥቋጦ ዘንግና ከዘንባባ፣ ዓሣ አጥማጆች እንደሚሠሩት ያለ ረዘም ያለ ቅርጫት ጎነጎንኩ። ባለቤቴ ከሐጂ ሱቅ የሳሙና ሣጥን ለምኖ ከጣውላው መዝጊያ ሠራ። እንስሳው ገብቶ ውስጥ ያለውን እንጨት ሲረግጥ ገመዱ ይለቀቃል፣ መዝጊያው ይወድቃል። በእጁ እየሞከረ ጣቱን ስንት ጊዜ እንዳስቀረቀረ!

ወጥመዱ ሲያልቅ ዐቢይ ጾም ገባ። ለድመት የሚሆነው ማባበያ ዓሣ ነው። ሐጂ «ፈሲኽ አለኝ» አለን፤ ሱዳኖች በጨው ከትተው የሚያቆዩት ዓሣ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ባለቤቴ በጾም አልነካም አለ።

«ልትበላው ነው እንዴ?» አልኩት።

«ሽታው እጄ ላይ ይቀራል። በዚያው እጄ ላማትብ?»

«እኔ አስቀምጠዋለሁ።»

«አንቺስ በምንሽ ልታማትቢ ነው?»

ከልጅነቱ ጀምሮ ጾም ላይ እንዲህ ነው። ምንም በሌለበት ዓመት እንኳ፣ ያጣውን ምግብ ሁሉ ጾም ነው ብሎ ራሱ የተወው ያደርገው ነበር። አንዳንዴ ይህ ነው ያቆመው እላለሁ። ሐጂ ነገሩን ሰምቶ በሳቅ ከተንፈራፈረ በኋላ፣ ሰሊጥ ሲጨመቅ የሚቀረውን አምባዝ ሰጠን። ለሰው የማይሆን፣ የሻገተ ነው። «ይኸው» አለ፤ «ቅባት አለው፣ ነፍስ የለበትም። ድመቶቹ ከወደዱት እኔም እሰልማለሁ።»

«አንቱ የሰለሙ አይደሉ እንዴ ሐጂ?» አልኩት።

«እንደገና እሰልማለኋ!»

የጾም ማባበያ አጠመድን። በማግስቱ መዝጊያዎቹ ሁሉ ወድቀዋል። ሮጠን ስናይ በየቅርጫቱ አይጥ። ደጋግመን አጠመድን፤ አሁንም አይጥ። አንድ ቀን ጃርት የሚመስል ትንሽ እሾሃም ነገር ገብቶ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘነው። ገፊሩ መጥቶ ቅርጫቶቹን እየዞረ አየና ጉልበቱን ይዞ ሳቀ።

«ያ ሐበሻ! ድመቶቹን ክርስትና ልታነሣቸው ነው?»

ባለቤቴ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ መንገዱን እያየ የሚቀመጥበት ጊዜ በዛ። የሎሪ ድምፅ በሰማን ቁጥር ሁለታችንም ከተቀመጥንበት እንነሣለን፤ ሎሪው ሲያልፍ መልሰን እንቀመጣለን። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አሸዋው ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አንሥታ ወደ አፏ ስታደርግ አየሁ። የደረቀ የዛፍ ፍሬ ነበር። እኔ ግን ሥጋ መስሎኝ ወደ እሷ ሮጬ ነበር።

ነገሩን የቀየረው እንዲህ ያለ ነው። አንድ ጠዋት ባለቤቴ አይጦቹን ሊለቅ ሄዶ ጠራኝ። ስደርስ ከአንዱ ቅርጫት ፊት ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ቅርጫቱ ዙሪያ አሸዋው እንደ አውድማ ተረግጧል፤ የድመት ዱካ በዱካ ላይ። በቅርጫቱ ዘንግ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ውስጡ አይጧ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ወደ ወፏ እንቁላል ሄድን። አልተነካም። የኤሊውም አልተነካም። ድመቶቹ የሌሊት ጉዳያቸውን ሁሉ ትተው እዚያች አይጥ ዙሪያ ሲዞሩ አድረዋል።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ትንሽ ቅርጫት ሥሪልኝ» አለ።

በትንሹ ቅርጫት አይጧን ከነአምባዟ ከተን ከትልቁ ቅርጫት ጀርባ አሰርናት። ድመት እሷ ዘንድ ልትደርስ ከፈለገች በትልቁ በር መግባት አለባት። በማግስቱ ጠዋት በትልቁ ቅርጫት ውስጥ የሐጂ ቢጫ ድመት ዓይኗን አጉረጥርጣ ተቀምጣለች። አይጧም ከቅርጫቱ ዘንግ ወዲያ አምባዟን ትቆረጥማለች።

«ጾምህስ?» አልኩት፤ መቼም አላለፍኩትም።

«እኔ ያቀረብኩት የጾም ነው» አለ እየሳቀ። «የገደፈችው ድመቷ ናት።»

ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ገቡ። ያዝናቸው፤ ግን ወዴት እንውሰዳቸው? ባለቤቴ ቅርጫቱን በራሱ ተሸክሞ ሐጂ ዘንድ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። ሐጂ ከሩቅ ሲያየን ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ኧረ ወደዚያ! ወደ እኔ እንዳታመጡብኝ! እኔ ራሴ መጋዘን ለመጋዘን የምዞር አይጥ ሆኛለሁ!»

«ባዶ መጋዘን አለዎት አይደል?» አለ ባለቤቴ። «በሩ ይዘጋል?»

ሐጂ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ድሮ ድመቶቹ መጋዘኑን ይጠብቁ ነበር» አለ፤ «አሁን መጋዘኑ ድመቶቹን ሊጠብቅ። ይግቡ እንግዲህ!» ባለቤቴ በየጠዋቱ የተያዙ አይጦችን እየወሰደ ይመግባቸው ነበር። ለማባበያ የምንይዛቸው አይጦች ግን በአምባዝ ወፈሩ። በዚያ ዓመት በዚያ አገር የወፈረ ፍጥረት ያየሁት እነሱን ብቻ ነው።

አንዲት ብቻ ቀረች። ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ። ወጥመዱን ትዞራለች፣ ታሸታለች፣ ትሄዳለች። ከእሷ በቀር አሸዋው ንጹሕ ሆኖ ነበር፤ አንድ ድመት ግን ድመት ነው። ባለቤቴ ቅርጫቱን ወዲያና ወዲህ አዛወረው፣ በቅጠል ሸፈነው፣ ጭስ አሳጠነው። አልገባችም። «ይህቺስ ሰው ናት» አለኝ ተስፋ ቆርጦ።

ናፍጣ የተገኘው እሷ ሳትያዝ ነው።

ሎሪው ገና ፀሐይ ስትወጣ ደረሰ። ማሽላ የጫነ ነው፤ ወደ ካምፕ የሚሄድ የእርዳታ እህል። ከጆንያዎቹ ላይ አንድ ፍየል ታስሮ ይጮኻል። ሾፌሩ የከሰላ ሰው ነው፣ ወሬኛ። ከመቀመጫው ሥር ትንሽ የእንጨት ሣጥን አውጥቶ ለገፊሩ ሰጠውና እጁን በሱሪው ጠረገ። ገፊሩ ሣጥኑን ሳይከፍት ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

«እንይ» አለ። ወደ አሸዋው ወረድን፤ ገፊሩ፣ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሾፌሩም ለወሬው ተከተለ። ብዙ ሳንሄድ ገፊሩ ቆመ። ዱካ አለ። የዚያው የሌሊቱ ነው፤ ጫፉ እንኳ ገና አልፈረሰም።

 ገፊሩ ባለቤቴን ሊያየው አልፈለገም። እኔ ዞር ስል መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ከልጆቿ ጋር ስትመጣ አየሁ፤ ትንሹን አዝላለች፣ ትልቋ ቀሚሷን ይዛለች። ሎሪው ስለቆመ የሆነ ነገር ይሰጣል ብለው ነው መሰለኝ ወደ እኛ አቀኑ።

«እንከተለው» አለ ባለቤቴ።

«ምኑን?»

«ዱካውን። የት እንደሄደች አይተህ ከዚያ ፍረድ።»

ተከተልነው። ዱካው በወፏ ጉድጓድ አጠገብ አለፈ፤ አልቆመም። ወደ ውሃው ወረደ፣ ጠጥታለች። ከዚያ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብላለች፣ የጅራቷ ምልክት አሸዋው ላይ አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቅጠል ወደለበሰው ቅርጫት ሄደ። የመመለሻ ዱካ የለም።

ባለቤቴ ቅጠሉን ገለጠው። መዝጊያው ወድቋል። ግራጫዋ ውስጥ ተቀምጣ አንድ ጆሮዋን ወደ እኛ ቀሰረች። ያቺ ወፍራም አይጥም አለች፣ ምንም አልሆነችም።

ገፊሩ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «አልሐምዱ ሊላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ባለቤቴን አንገቱን አንቆ ሳመው። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።  ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ልጅ ስወልድ እንኳ፣ እንደዚያ ያለ እፎይታ ሰውነቴን ሲያልፍበት አላስታውስም።

ገፊሩ ሣጥኑን አንሥቶ ለሾፌሩ መለሰለት። «ድመት የለም በላቸው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ በላቸው።»

«ፍየሉስ?» አለ ሾፌሩ። «ፍየሉ ታርዷል ተብሎ ነው የወጣው፤ ይዤ ብመለስ እኔን ያርዱኛል።»

ገፊሩ ፍየሉን አየ፣ ከዚያ መንገዱን አየ። ቢላዋውን አወጣ።

የፍየሉ ሥጋ ተቀቀለ። ያቺ ሴት ከልጆቿ ጋር ከእሳቱ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ አነጋገሯ የእኛው አገር ነው። ባለቤቴ «መጀመሪያ መረቁን ብቻ፣ ትንሽ ትንሽ» አለኝና እኔ በጣሳ ሰጠኋት። ለልጆቹ አጠጣች፣ ከዚያ ራሷ ጠጣች። በኋላ ሥጋውን ቆርሼ ስሰጣት ተቀበለችኝ። ማን እንደባረከው አልጠየቀችም። ጾም መሆኑን አላነሣችም። የምን ሥጋ ነው፣ ከየት መጣ አላለችም። በጣቷ ቆርሳ ትልቋ ልጅ አፍ ውስጥ ከተተችው፤ ዓይኗ የልጅቷን ጉሮሮ ብቻ ነበር የሚያየው።

ባለቤቴና እኔ ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው ድንጋይ ላይ የነበረውን የመርዝ ሣጥን ነው። እሱ ተነሥቶ ወደ ውሃው ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ብዙ ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ሴትየዋን እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ ልጆቹ ይብሉ፣ አንቺም ብዪ። ጾሙን እኔ እጾምላችኋለሁ።»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይህን ያህል ጾመኛ ከየት ተገኘ?» አለች። «እኛስ ከመስከረም ጀምሮ ጾም ላይ ነን።»

ሾፌሩ እየበላ ሳለ ካምፕ ያለውን መጋዘን አይጥ እንደወረረው፣ ጆንያውን እየቀደደ እህሉን መሬት ላይ እንደሚያፈሰው ያወራ ነበር። ባለቤቴ ሥጋ መቁረሱን ተወና ገፊሩን አየው፤ ገፊሩም አየው። ሌላ ነገር መነጋገር አላስፈለገም። ሎሪው መፋዛ ላይ ቆመ፣ ድመቶቹ በየቅርጫታቸው ከማሽላው ላይ ተጫኑ። ያቺን ሴትና ልጆቿንም ሾፌሩ ከፊት አስቀመጣቸው። ሎሪው ሲነሣ ከላዩ የሚወጣው ጩኸት መንደሩን ሁሉ ደጅ አወጣው። ሐጂ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ሮጦ ደረሰ።

«ቢጫዋን! ቢጫዋን እንኳ ተዉልኝ! ነገ እህል ቢመጣስ?»

«አልፏል ሐጂ» አለው ባለቤቴ። «ስደተኛ ሆና ተመዝግባለች።»

«ከእኔ ቀድማ?» አለ ሐጂ፣ ወገቡን ይዞ ሎሪውን እያየ። «ከእኔ ቀድማ ራሽን ልትበላ?»

በፋሲካ ሰሞን የአዞ ወፏ ጫጩቶች ወጡ። ሲወጡ አሸዋ ነው የሚመስሉት፤ ካልተንቀሳቀሱ አይታዩም። እናታቸው አሁን ደግሞ እነሱን በሆዷ ውሃ ታርሳቸው ነበር። የኤሊዎቹን ግልገሎች ያየነው በኋላ ነው፤ ከአሸዋው ወጥተው ወደ ውሃው ሲርመሰመሱ ባለቤቴ እንዳይረግጣቸው ባዶ እግሩን እየጎተተ ከኋላቸው ሄደ። ሁሉም አልደረሱም፤ ሽመላ የለቀማቸው አሉ። ባለቤቴ ሽመላውን አላባረረም። «እሱ የወንዙ ነው» አለ።

ከዚያ ዝናብ ጣለ፣ ራሃድ ደፍርሶ ወረደ፣ ኩሬውም አሸዋውም ከጎርፉ ሥር ገቡ። እኛ ወደ ገዳሪፍ ተሻገርን፣ እዚያው ሥራ አገኘን፣ ልጅ ወለድን፣ አረጀን።

ያ ነገር ከእሱ ላይ ግን አልወረደም። ሰፈራችን ውስጥ ሰው አይጥ ሲያስቸግረው መርዝ ገዝቶ በዳቦ ያደርጋል። ባለቤቴ ይህን ከሰማ ምሳ አይበላም። ሄዶ በሩን ያንኳኳል። «መርዙን ስጡኝ፣ ይህን ውሰዱ» ብሎ እኔ የጎነጎንኩትን ትንሽ የወጥመድ ቅርጫት ይሰጣቸዋል። ምክንያቱን አይናገርም። የሚስቁበት ነበሩ፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ ዳቦውን ሳይቀበል ግን አይመለስም። በመንገድ ላይ የወደቀ ምግብ ካየ በእግሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል። እኔ ከኋላው ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ከሞተ በኋላ አንዲት ጎረቤት በሬን አንኳኳች። ቤቷ አይጥ ገብቶባታል፣ ልጆቿ ትንንሽ ናቸው። «ጋሼ ይሰጡን የነበረው ቅርጫት ቀርቷል?» አለችኝ። አንድ ቀርቶ ነበር፣ ሰጠኋት። በማግስቱ ዘንግ ገዛሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የአይጥ ወጥመድ እጎነጉናለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።